መሸሸግ ትዕግሥት አይደለም

በጡቷ ላይ ዕብጠት ላገኘች ሴት፣ ለባሏ፣ ለልጆቿና ለጎረቤቶቿ የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ትዕግሥት የተመሰገነ ነገር ነው። ይልቁንም ሴት በመቻሏ ትመሰገናለች፤ «ቻይ ናት» ከተባለች ሌላ ምስጋና አይፈለግላትም። ምጥን ትችላለች፤ ውኃ አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ በክፉ ዘመን የራሷን ጉርሻ ለልጇ ሰጥታ ጦሟን ታድራለች፤ የቤቷንም ገመና ትሸፍናለች። ይህ ሁሉ መልካም ምግባር ነውና ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን የትዕግሥትን ልብስ ለብሶ የሚመላለስ፣ ትዕግሥት ግን ያልሆነ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ደዌን መሸሸግ ነው። ይህች ትምህርት ሁለቱን ለመለየት ተጻፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ገላዋን ስትታጠብ ወይም ሕፃኗን ስታጠባ እጇ በጡቷ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ያገኛል። እንደ ሽምብራ ወይም እንደ ባቄላ ፍሬ ያለ ጠጣር ነገር ነው፤ ሲጫኑትም አያምም። በማግሥቱ ትዳስሰዋለች፤ አለ። በሳምንቱ ትዳስሰዋለች፤ አሁንም አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በፊቷ ሁለት መንገድ ይከፈታል። አንደኛው ሸሽጎ መኖር ነው፤ ሁለተኛው ለሐኪም አሳይቶ መልሱን መጠበቅ ነው። ሁለቱም ከውጭ ለሚያይ ሰው ዝምታ ይመስላሉ፤ ፍሬያቸው ግን እንደ ስንዴና እንደ እንክርዳድ ይለያያል።

1. ዕብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም

ፍርሃት ነገርን ከልኩ በላይ ያሳያል፤ ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን በልኩ እንወቀው። በጡት ላይ የሚወጣ ዕብጠት ዓይነቱ ብዙ ነው። በልጃገረዶችና በወጣት ሴቶች ላይ በጣት ሲነካ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት፣ ጉዳት የሌለው ዕጢ ይበቅላል። ዕድሜዋ ገፋ ባለች ሴት ጡት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። በምታጠባ እናት ላይ የወተቱ መንገድ ሲዘጋ ጡቷ ይቀላል፣ ይግላል፣ አንዳንድ ጊዜም መግል ይይዛል። የወር አበባ ሲቀርብ የሚጠጥር፣ ካለፈ በኋላም የሚጠፋ አለ። ሐኪሞች እንደሚያስተምሩት በጡት ላይ ከሚገኙ ዐሥር ዕብጠቶች ስምንት ያህሉ ነቀርሳ አይደሉም።

እንግዲህ ይህን የሰማች ሴት «የእኔም ከስምንቱ ነው» ብላ ትቀመጥ ይሆን? አይገባትም። ስምንቱን ከሁለቱ የሚለየው መርማሪ ነው እንጂ ተስፋ አይደለምና። የታወቀ ሐኪም ስንኳ በእጁ ብቻ ዳስሶ በእርግጥ አይፈርድም። ስለዚህ ቍጥሩ ለአንድ ነገር ይጠቅመናል፤ ይኸውም ወደ ሐኪም ስትሄጂ እግርሽ እንዳይንቀጠቀጥ ነው።

ስለ ስሙም ጥቂት እንበል። የአገራችን ሰው ሁለት የተለያዩ ደዌዎችን «ነቀርሳ» ብሎ ይጠራል። አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ እርሱ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሁለተኛው ዛሬ ካንሰር የሚባለው ነው፤ ይህኛው ግን የራስ ሰውነት ሥጋ ያለ ልክ ሲያድግ የሚመጣ ነውና ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም። ስለዚህ የጡት ካንሰር ያለባትን ሴት ብርጭቆዋን መለየት፣ መሶቧን መሸሽ፣ ልጇንም ከጭኗ ማንሣት ከንቱ ነው። ከዚህ በታች ነቀርሳ ስንል ካንሰር ማለታችን ነው።

ደዌው ግን የሚናቅ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በዓለም ሁሉ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኘባቸው፤ በዚያው ዓመት 670 ሺህ ያህል በዚሁ ደዌ ሞቱ። በኢትዮጵያም በሴቶች ላይ ከሚገኘው ካንሰር ሁሉ ብዙውን ቦታ የያዘው ይህ ነው፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ ገና ከ50 ዓመት በታች የሆኑ፣ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ወንድም ቢሆን ከቶ አይነካውም አይባልም፤ በጥቂት ወንዶች ላይ ይወጣልና።

ሳይዘገይ መታየት ያለበት ምልክት የትኛው ነው? በጡት ወይም በብብት ያለ፣ የወር አበባ ካለፈ በኋላም ያልጠፋ ዕብጠት፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተቦጫጨረ ወይም ወደ ውስጥ የተሳበ ቆዳ፤ ቀድሞ እንዲህ ሳይሆን ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፤ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፤ የማይድን ቍስል። ከእነዚህ አንዱን ያየች ሴት ሕመም እስኪሰማት አትጠብቅ። ይህ ደዌ በመጀመሪያው ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ አያምምም፤ ተንኮሉም ይህ ነው።

2. ሰው ስለ ምን ይሸሽጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት አሁን የተናገርነው ነው፤ «አላመመኝም» ትላለች። እሾኽ የወጋው ሰው ወዲያው ይነቅላል፤ ያልተሰማውን ግን ማንም አይፈልግም።

ሁለተኛው ኀፍረት ነው። ጡቷን ለማታውቀው ሰው፣ ይልቁንም ለወንድ ሐኪም ማሳየት ይከብዳታል። ይህ ኀፍረት የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ እጅግም የቆየ ነው። ሄሮዶቱስ የሚባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የቂሮስ ልጅና የዳርዮስ ሚስት ስለነበረችው ስለ ንግሥት አቶሳ ሲጽፍ፣ በጡቷ ላይ ዕብጠት እንደ ወጣባት፣ ትንሽ ሳለም አፍራ ለማንም ሳትነግር እንደ ሸሸገችው ይተርካል። በኋላ ግን ፈንድቶ ሲሰፋ ጊዜ ዴሞኬዴስ የሚባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠርታ አሳየችው፤ እርሱም ፈወሳት ይላል። ልብ በሉ፤ ይህች ሴት የታላቅ መንግሥት ንግሥት ነበረች። ከኀፍረቷ ግን ወርቋም ሠራዊቷም አላዳናትም፤ የዳነችው ባሳየች ጊዜ ነው። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ንግሥቲቱን ዝም ያሰኘው ኀፍረት ዛሬ በኩታበር ገበያ ጌሾ የምትሸጠውንም ሴት ዝም ያሰኛታል። እኅቴ ሆይ፤ ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ እንድትኖር መጠየቅ ትችያለሽ፤ ጓደኛሽም አብራሽ ትግባ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። «ብረት ከነካው ይባባሳል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ አባባል ከየት መጣ? ብዙ ሴቶች ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ዕብጠቱ ከፈነዳ፣ ደዌውም ወደ አጥንትና ወደ ሳንባ ከተሻገረ በኋላ ነው። እንዲህ ዘግይታ የመጣች ሴት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስትሞት ጎረቤቷ አይቶ «ብረቱ ገደላት» ይላል። አስቀድማ መጥታ የዳነችው ግን ዳነች ተብሎ አይወራላትም፤ ብዙ ጊዜም መታከሟን ማንም አያውቅ። እንግዲህ ወሬው የሚቈጥረው የሞቱትን ብቻ ነው። የሐኪም መርፌ ጉዳት የሌለውን ዕብጠት ወደ ነቀርሳ አይለውጠውም፤ ያለውን ይገልጣል እንጂ።

አራተኛው የቤት አሳብ ነው። «መኸሩ ይግባ፤ ልጄ ትዳር፤ ጾሙ ይውጣ» እያለች ቀን ትቀጥራለች። ባሏ እንዳይፈታት የምትፈራም አለች። ለእነዚህ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ሥራው በየዓመቱ ይመለሳል፤ ያለፈው ወር ግን አይመለስም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ስለዚህ ነው።

ከደሴ ወደ ኩታበር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ቦሩ ሜዳን ያውቃል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ ነው። በኋላ ዘመን በዚያው ስፍራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ተሠራ። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከቤቱ ይወጣ፣ ከዘመዱም ይለይ ነበርና ብዙው ሰው ምልክቱን እስከሚችለው ድረስ በልብሱ ይሸፍን ነበር። እስኪገለጥበት ድረስ ጣቶቹ ያልቁ ነበር። ዛሬ የሥጋ ደዌ በሚዋጥ መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል፤ ቶሎ የታየም አካሉ ሳይጐድል ይድናል። በሁለቱ ደዌዎች መካከል ዝምድና የለም፤ መሸሸግ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን አንድ ነው።

3. ጸሎትና ሐኪም አይጣሉም

«በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ወደ ሐኪም መሮጥ የለበትም» የሚል ሰው ቢገኝ መጽሐፍን መልሶ ይመርምር። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ወደ ግድግዳ ዞሮ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማ። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ፤ ጳውሎስም የተወደደ ብሎ ጠራው።

ጠበል ለመጠመቅ የምትሄድ እኅት አለች፤ በወሎ አንድ ቤተ ሰብ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበትና ዱዓ የምታስደርግ እኅትም አለች። እኛ የማንንም ጸሎት አንከለክልም። የምንለው ይህ ነው፤ ጸሎትሽ ከምርመራሽ በፊት የሚያልቅ ቀጠሮ አይሁን፤ አብሮ ይሂድ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ጥለው በጠበል ስፍራ በተቀመጡ ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በግልጥ አስተማሩ። ያ ምክር ለዚህም ደዌ ይሠራል።

ከአንድ ነገር ግን ፈጽሞ ራቂ፤ ዕብጠቱን በጋለ ብረት ማስተኰስ፣ በምላጭ ማስበጣት፣ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ማሰር ቍስል ያመጣል፤ ሐኪሙም በኋላ የደዌውን እውነተኛ መልክ እንዳያይ ያደርጋል።

ደግሞም በልብሽ «ምን በድዬ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኃጢአት እንደ ሠራ ጌታን በጠየቁት ጊዜ፣ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መለሰላቸው። እንግዲህ ዕብጠት የፍርድ ወረቀት አይደለም፤ ራስሽን አትክሰሺ፤ ሌላም ሰው እንዲከስሽ አትፍቀጂ።

4. የምርመራው መንገድ

ያልታወቀ መንገድ ረዥም ይመስላል፤ ስለዚህ መንገዱን አስቀድመን እንናገር።

መጀመሪያ በአቅራቢያሽ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂጂ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆንሽ መታወቂያሽን ያዢ፤ ከጤና ጣቢያውም ወደ ሆስፒታል የሚመራሽን የሪፈር ወረቀት ሳትቀበይ አትነሺ። ያለዚያ ወረቀት የሄደች የመድን አባል ብዙ ጊዜ ከኪሷ ትከፍላለች፤ ወይም ተመልሳ እንድትመጣ ትታዘዛለች። ከኩታበር እስከ ደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጧት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ከመካነ ሰላምና ከምዕራቡ ደጋ የምትመጣዋ ግን ከዚህ እጅግ የራቀ መንገድ አለባትና የማደሪያ ዘመድ አስቀድማ ታስብ።

በሆስፒታል ሐኪሙ ዕድሜሽን፣ ዕብጠቱን መቼ እንዳገኘሽው፣ የምታጠቢ እንደ ሆነ፣ ከእናትሽ ወይም ከእኅቶችሽ እንዲህ ያለ ደዌ የነበረባት እንደ ነበረች ይጠይቅሻል። ሁለቱንም ጡቶችሽንና ብብቶችሽን ይዳስሳል። ከዚህ በኋላ በአልትራሳውንድ ያያል፤ ዕድሜዋ ለገፋችውም ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ ይታዘዝላታል። በመጨረሻም በመርፌ ከዕብጠቱ ጥቂት ናሙና ይወሰዳል። መርፌው ቀጭን ከሆነ ደም እንደ መስጠት ያለ ስሜት አለው፤ ወፍራም ከሆነ ስፍራው አስቀድሞ በመድኃኒት ይደነዝዛል።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ለምን ቀን ይፈጃል? ብዙ ሰው «ረሱኝ» ወይም «ክፉ ነገር አይተው ሸሸጉኝ» ብሎ ያስባል። ነገሩ እንዲህ ነው። የተወሰደችው ቅንጣት ሥጋ እንዳትበላሽ መጀመሪያ በመድኃኒት ውኃ ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚያም በሰም ውስጥ ትቀበራለች፤ ሰሙ ሲደርቅ ከጠጕር እጅግ በቀጠነ ልክ ትቈረጣለች፤ በቀለም ትነከራለች። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፓቶሎጂስት የሚባለው ሐኪም በማይክሮስኮፕ ይመረምራታል። እንዲህ ያሉ ሐኪሞች በአገራችን ከሕዝቡ ቍጥር ጋር ሲመዘኑ ጥቂቶች ናቸውና ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ የሚላክበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የመልስ መዘግየት ብቻውን የክፉ መልስ ምልክት አይደለም። «ናሙናው አልበቃም፤ ይደገም» ቢባልም እንዲሁ ነው፤ ሳትከፊ ተመለሺ።

ከሆስፒታሉ ሳትወጪ አራት ነገር ጠይቂ። ስሜ በናሙናው ላይ በትክክል ተጽፏል ወይ? መልሱ በስንት ቀን ይደርሳል? ከማን እጅ እቀበላለሁ? በተባለው ቀን ባይደርስ ወዴት እጠይቃለሁ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአገሮች ሁሉ ባቀረበው ዕቅድ፣ ሴቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሐኪም ከታየችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲያልቅ ግብ አድርጓል። ይህን ቍጥር በልብሽ ያዢው። የተነገረሽ ቀን ካለፈ ሄዶ መጠየቅ ትዕግሥት ማጣት አይደለም፤ መብትሽ ነው።

ወረቀትሽንም ሁሉ በአንድ ከረጢት ጠብቂ፤ በስልክም ፎቶ አስነሺው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኩታበር በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ሕክምናው ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ወረቀቷን በእጇ የያዘች ሴት በሌላ ከተማ ከቆመችበት ትቀጥላለች፤ ያልያዘችው ግን እንደ አዲስ ትጀምራለች።

5. የመጠበቅ ቀኖች

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ያሳየች ሴት የሚገባትን አድርጋለች፤ ከእንግዲህ የሚሆነው መጠበቅ ነው። ትዕግሥት የሚባለው እውነተኛው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከዚህ በፊት የነበረው ዝምታ ጊዜን ለደዌው ይሰጥ ነበር፤ ይህኛው ግን ለሐኪሙ ይሰጣል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቀኖች ቀላል አይደሉም። ክፉ መልስ የሰሙ ብዙ ሴቶች ከመልሱ ይልቅ መጠበቁ ይከብድ ነበር ይላሉ፤ የታወቀ ነገር መጠን አለው፤ ያልታወቀው ግን መጠን የለውምና።

ስለዚህ የሚከተለውን ምክር ስሚ። ዕብጠቱን በቀን ዐሥር ጊዜ አትዳስሺው። ብዙ የተዳሰሰ ሥጋ ይቈስላል፤ ሲያምም ጊዜም «ብሶበታል» ብለሽ ትደነግጫለሽ። የዕለት ሥራሽን አትተዪ፤ ፍርሃት ቦዘኔን ይወዳል። እንጀራሽን ጋግሪ፤ ገበያሽን ውጪ፤ የምታስተምሪ እንደ ሆነ አስተምሪ። ሌሊት ግን ፍርሃት ይመጣል፤ ይህን ድካም አድርገሽ አትቍጠሪው። ያን ጊዜ ነገ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመሸከም አትሞክሪ፤ ለአንዲት ቀን የሚበቃ ኃይል ለምኚ። ያስፈራሽንም ነገር በደብተር ጻፊው፤ መጻፍ ባትችዪ ልጅሽ ይጻፍልሽ። የተጻፈው ፍርሃት ብዙውን ጊዜ ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ደግሞ በእነዚህ ቀኖች ታላቅ ውሳኔ አትወስኚ። በሬውን አትሽጪ፤ ልጅሽን ከትምህርት አታስወጪ፤ የልጅሽን ሠርግ በችኰላ አታድርጊ። ገና ያልተነገረ መልስ ቤትሽን እንዲያፈርስ አትፍቀጂለት።

ለማን ልንገር? ብለሽ ብትጠይቂ፣ ለሁሉ መንገር አይገባሽም፤ ለማንም አለመንገርም አይገባሽም። ልበ ሰፊና አፈ ቍጥብ የሆነ አንድ ሰው ምረጪ፤ ባልሽ፣ እኅትሽ ወይም ጓደኛሽ ይሁን። በምርመራው ቀን አብሮሽ ይሂድ፤ የደነገጠ ጆሮ ከሐኪም ቃል ግማሹን ብቻ ይሰማልና ሁለተኛ ጆሮ ያስፈልግሻል።

6. ለባል፣ ለልጅና ለጎረቤት

ወንድሜ ሆይ፤ ሚስትህ ዕብጠቷን ብታሳይህ የመጀመሪያው ቃልህ ለብዙ ዘመን ይታወሳል። «ምንም አይደለም» አትበላት፤ አታውቅምና። «ለምን እስከ ዛሬ ሸሸግሽ?» ብለህም አትቈጣት፤ ቍጣህን ፈርታ ዳግመኛ ትሸሽጋለችና። «አይዞሽ፤ ነገ አብረን እንሄዳለን» በላት፤ በማግሥቱም ሂድ። ሐሞትህ ቢፈስ ስንኳ እግርህ ይሂድ።

ጎረቤቶች ሆይ፤ በቡና ላይ ተቀምጣችሁ «እገሊትም እንዲሁ ጀምሯት ነው የሞተችው» አትበሉ። ለታመመች ጎረቤት ውኃ መቅዳት፣ ልጆቿን መጠበቅ፣ ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ከማኅበሩ ወይም ከዕድሩ ማውጣት ከብዙ ወሬ ይሻላል። ዕድር ለቀብር ብቻ የቆመ አይደለም፤ ሰው ሳይሞት የሚረዳ ዕድር ብልህ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፤ ከቤታችሁ ማንበብ የሚችል እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እናታችሁ በስልክ «ትንሽ ዕብጠት ነገር አለብኝ፤ አታስቡ» ብትላችሁ፣ «አታስቡ» ያለችውን ትታችሁ «ዕብጠት» ያለችውን ስሙ። ወረቀቷን አንብቡላት፤ ቀጠሮዋን አስታውሷት፤ በስልክ የሚዞረውን የሐሰት መድኃኒት ወሬ ከሐኪሙ ቃል ለዩላት።

አንድ ልማድ ደግሞ ልንመረምረው ይገባል። ብዙ ቤተ ሰብ መልሱ ክፉ የሆነ እንደ ሆነ ሐኪሙን ወደ ጎን ጠርቶ «ለእርሷ አይነገራት» ይላል። ይህ ከፍቅር የሚወጣ ነው፤ ከመርዶ ልማዳችንም ጋር ይመሳሰላል። እኛ መርዶን በድንገት አንነግርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን ይነገረዋል። ከዚህ ልማድ መልካሙን እንያዝ፤ ይኸውም ክፉ ወሬ የሚሰማ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው። ነገር ግን መርዶ የሚነገረው ስለ ሞተ ሰው ነው፤ ይህች ሴት ግን በሕይወት አለች፤ መልሱም የእርሷ ነው። ደዌዋን ያላወቀች ሴት ስለ ምን መድኃኒቱን ታግሣ ትቀበላለች? ጠጕሯ ሲረግፍ፣ ሆዷ ሲታወክ «ይህ ለምን ሆነብኝ?» ብላ ሕክምናውን ታቋርጣለች። እንግዲህ እርሷን ከመሸሸግ የምንከለክል እኛ ከእርሷ መሸሸግ አይገባንም።

7. መልሱ ሲመጣ

መልሱ ነቀርሳ አይደለም የሚል ከሆነ አመስግኚ፤ ነገር ግን ወረቀቱን ቀድደሽ አትጣይ። ዕብጠቱ ይወጣል ወይስ ይቀመጣል? መቼ ልመለስ? ብለሽ ጠይቂ። በኋላ ዘመን ሌላ ለውጥ ብታዪ «ያን ጊዜ ምንም አልነበረም» ብለሽ አትቀመጪ፤ እንደ ገና ሂጂ።

መልሱ ነቀርሳ ነው የሚል ከሆነም ዓለም በዚያች ቀን አላለቀችም። ሕክምናው ብዙ ነው፤ ቀዶ ሕክምና፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ጨረር፣ ለአንዳንዶችም ለ5 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ። የትኛው እንደሚገባት የሚወሰነው በደዌው ዓይነትና ደረጃ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበርና የወሎ ሴት ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ተራዋን ትጠብቅ ነበር፤ በኋላ እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ያን ጊዜ ሁለተኛ መጠበቅ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን የተማረች ሴት ግን ሁለተኛውን ታውቅበታለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚናገረው፣ በባለጸጎች አገሮች የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው ከመቶ ሴቶች ከ90 የሚበልጡት ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ በደቡብ አፍሪካ ግን 40 ያህሉ ናቸው። ደዌው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ካመጡት ምክንያቶች ታላላቆቹ ቶሎ መታየትና ሕክምናን መፈጸም ናቸው። የሆስፒታሉን ብዛት መንግሥት ያስብበት፤ የመንገዱንም ሰላም እግዚአብሔር ይስጠን። ከቤት ወጥቶ ጤና ጣቢያ የመድረስ ነገር ግን በእጃችን ነው፤ እርሱንም ነገ ከማለት ዛሬ ማለት ይሻላል።

ለማሰብ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ደዌን መሸሸግና መልስን መጠበቅ በምን ይለያያሉ?
2. ዕብጠቱ አለማመሙ ስለ ምን ሊያታልለን ይችላል?
3. ሕዝቅያስ ከጸለየ በኋላ የበለሱ ጥፍጥፍ ስለ ምን አስፈለገ?
4. የናሙና መልስ ቀን የሚፈጀው በምን ምክንያት ነው? ከሆስፒታል ሳይወጡ የሚጠየቁት አራት ነገሮችስ ምንድር ናቸው?
5. በቤትህ ወይም በመንደርህ ሸሽጋ የምትኖር ሴት ትኖር ይሆን? እንድትናገር የሚከለክላት ከቃልህና ከጠባይህ አንዱ እንዳይሆን ምን ታደርጋለህ?